ከመጸዳጃ ጉድጓድ እስከ እርሻ ማሳ፦ ባለቤት የሚሻው ማዳበሪያ

ከአርሶ አደሩ ማሳ በየዓመቱ ብዙ ነገር ይወጣል፤ ወደ ማሳው የሚመለሰው ግን ጥቂት ነው። እህሉ ወደ ከተማ ገበያ ይሄዳል፤ ገለባው ለከብት መኖ ይውላል፤ እበቱም ኩበት ሆኖ በምድጃ ይነዳል። ከተሜው ከበላው እህል የተረፈው በየመጸዳጃ ጉድጓዱ ይጠራቀማል። ጉድጓዱ ሲሞላ በፍሳሽ ማንሻ ቦቴ ተመጥጦ ብዙ ጊዜ ከከተማ ወጣ ባለ ገደል ወይም ወንዝ ዳር ይደፋል። በዚህ መንገድ መሬቱ እየሳሳ፣ ወንዙም እየተበከለ ይሄዳል።

ሀገራችን የሰው ሠራሽ ማዳበሪያን የምታገኘው ከውጭ በግዥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት የዓለምን የማዳበሪያ ዋጋ ባናረበት ወቅት ጫናው እስከ ቀበሌ ኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘን ድረስ ዘልቋል። ከዚያ ወዲህ የተፈጥሮ ማዳበሪያ ጉዳይ ይበልጥ ትኩረት አግኝቷል። ፍግ፣ የሰብል ተረፈ ምርትና በትል የሚዘጋጅ ኮምፖስት በየወረዳው ይሠራባቸዋል። ከመጸዳጃ ጉድጓድ የሚወጣውን ዝቃጭ አብላልቶ ወደ ማሳ የመመለሱ ሐሳብ ግን በአንድ በኩል በኀፍረት፣ በሌላ በኩል በጥድፊያ የተከበበ ነው። የሚያፍረው ወገን ጥቅሙን አያይም፤ የሚጣደፈው ደግሞ አደጋውን ይዘነጋል።

ዝቃጭ ማዳበሪያ መሆን እንደሚችል የረጅም ጊዜ ተሞክሮ ያረጋግጣል። የአሜሪካዋ ሚልዋውኪ ከተማ ከፍሳሽ ማጣሪያዋ የሚወጣውን ዝቃጭ አድርቃ ‹‹ሚሎርጋናይት›› በሚል ስም መሸጥ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። ጋና ውስጥ ከመጸዳጃ የሚወጣ ዝቃጭ ከገበያ ቆሻሻ ጋር ተብላልቶ፣ ናይትሮጅን ተጨምሮበትና በጥራጥሬ መልክ ተዘጋጅቶ ‹‹ፎርቲፈር›› በሚል ስም ይመረታል፤ በቴማ ከተማ አቅራቢያ ያለው ማምረቻ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በሀገራችንም አርባ ምንጭ ከተማ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2010 በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ ሽንትንና ዓይነ ምድርን ለይተው የሚይዙ መጸዳጃ ቤቶችና የኮምፖስት ዝግጅት ተሞክረዋል። ለወረዳ አመራሩና ለአርሶ አደሩ የሚያስፈልገው እንግዲህ ሥራው በየትኛው መሬት፣ በምን ጥንቃቄና በማን ኃላፊነት እንደሚከናወን መለየት ነው።

የተጎዳ መሬት የሚፈልገው

በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ገደማ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጠቃ ነው። በክልላችን የአዊ፣ የምሥራቅና የምዕራብ ጎጃም ደጋማ ወረዳዎች የችግሩ ዋነኛ ገፈት ቀማሾች ናቸው። በፋግታ ለኮማ ብዙ አርሶ አደሮች ወደ ዲከረንስ ተክል እንዲያዘነብሉ ካደረጓቸው ምክንያቶች አንዱ የእህል ማሳቸው ለምነት መሟጠጡ ነው።

በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም ይሟሟና የሰብሉን ሥር ይጎዳል። ፎስፈረስም በብረትና በአሉሚኒየም ተይዞ ስለሚቀር በውድ ዋጋ ተገዝቶ የተጨመረው ማዳበሪያ በከፊል ለሰብሉ ሳይደርስ ይቀራል። ዋናው መድኃኒት ኖራ መሆኑ አያጠያይቅም። በሚገባ የተብላላ ኮምፖስት ደግሞ የኖራ አጋዥ ነው፤ በውስጡ ያለው ብስባሽ አሉሚኒየሙን ስለሚይዘው የሥሩ ጉዳት ይቀንሳል፤ ፎስፈረስም ለሰብሉ በቀላሉ ይገኛል።

በዋግ ኽምራና በሰሜን ወሎ ተዳፋት መሬቶች ችግሩ የተለየ ነው። እዚያ የላይኛው አፈር በጎርፍ ታጥቦ ስላለቀ የቀረው ጠጠራማ መሬት ውኃ አይቋጥርም። ዝናቡ አሥር ቀን ሲዘገይ ሰብሉ ይጠወልጋል። ለዚህ መሬት የኮምፖስት ትልቁ ጥቅም ርጥበት መያዙ ነው። በሁለቱም ቦታ ውጤቱ በአንድ ክረምት ተጠቃሎ የሚታይ አይደለም፤ በተከታታይ ዓመታት የሚገነባ ነው።

ስሌቱ ምን ይላል?

አንድ ሰው እንደ አመጋገቡ በዓመት ከ2 እስከ 4 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን በሽንትና በዓይነ ምድር ያስወግዳል። 50 ሺህ ሕዝብ ባለባት ከተማ ይህ ከ100 እስከ 200 ቶን ናይትሮጅን ይሆናል። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ስላለው መጠኑ ከ2 ሺህ 100 እስከ 4 ሺህ 300 ኩንታል ዩሪያ ካለው ናይትሮጅን ጋር ይቀራረባል። ቁጥሩ ያጓጓል። ነገር ግን አብዛኛው ናይትሮጅን ያለው በሽንት ውስጥ ነው። በተለመደው ጉድጓድ ሽንቱ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ከፊሉም ተንኖ ወደ አየር ይሄዳል። ቦቴው የሚያነሳው የቀረውን ነው።

የቀረውም ቢሆን በአብዛኛው ውኃ ነው። 10 ሺህ ሊትር የያዘ ቦቴ ዝቃጩ 2 ወይም 3 በመቶ ጠጣር ነገር ካለው፣ ሲደርቅ የሚገኘው ከ200 እስከ 300 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ይህ ከገለባ ወይም ከገበያ ቆሻሻ ጋር ተብላልቶ ኮምፖስት ሲሆን 1.5 በመቶ ናይትሮጅን ይኖረዋል ብንል አንድ ቶን ደረቅ ኮምፖስት 15 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይይዛል። ከዚህ ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት ለሰብሉ የሚለቀቀው አንድ አምስተኛ ያህል፣ ማለትም 3 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ የአንድ ኩንታል ዩሪያን ናይትሮጅን በአንድ ክረምት ለማግኘት ከ15 ቶን በላይ ኮምፖስት ያስፈልጋል።

በመሆኑም ‹‹ይህ ኮምፖስት ዩሪያን ይተካል›› እየተባለ በየስብሰባው ቃል ከተገባ አርሶ አደሩ በመጀመሪያው መኸር ፊቱን ያዞራል። ጋናውያን በምርታቸው ላይ ናይትሮጅን የሚጨምሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ኮምፖስቱ አፈሩን ያክማል፤ ፎስፈረስና እንደ ዚንክ ያሉ ንጥረ ነገሮችን ይመልሳል፤ ዩሪያው ደግሞ ሰብሉን በዚያው ዓመት ይመግባል። ሁለቱ አብረው ሲሰጡ የገንዘቡም የድካሙም ዋጋ ይገኛል።

ማጓጓዣውም አብሮ መታሰብ አለበት። ለአንድ ሄክታር 5 ቶን ይሰጥ ቢባል 50 ኩንታል ነው። አንዲት አህያ በአንድ ጊዜ ግማሽ ኩንታል ብትጭን 100 ምልልስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከአንድ መካከለኛ ከተማ የሚወጣ ኮምፖስት ወረዳውን በሙሉ አያዳርስም። በከተማው ዙሪያ ባሉ አንድ ወይም ሁለት ቀበሌዎች፣ ከሁሉ ይልቅ በተጎዱት ማሳዎች ላይ ቢያተኩር ይሻላል። በየቀበሌው ጥቂት ጥቂት ማከፋፈል ለሪፖርት ቢመችም ለአፈሩ የሚፈይደው ነገር የለም።

ሙቀትና ጊዜ

ከፍግና ከገለባ የሚዘጋጅ ኮምፖስት በደንብ ባይሞቅ ከሚደርሱት ጉዳቶች አንዱ የአረም ዘር ማሳ ውስጥ መግባቱ ነው። ከሰው ዓይነ ምድር የሚዘጋጀው ካልሞቀ ግን ጉዳቱ በቤተሰብ ጤና ላይ ነው። በተለይ የወስፋት እንቁላል ጠንካራ ሽፋን ስላለው አፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። በትምህርት ቤት ለልጆች የወስፋት መድኃኒት እየተሰጠ፣ በሌላ በኩል ያልበሰለ ዝቃጭ ማሳ ላይ መበተን በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው እንደ መንሣት ነው።

መፍትሔው የሚታወቅ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ደንብ በረድፍ ተከምሮ የሚብላላ ዝቃጭ ሙቀቱ 55 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያ በላይ ሆኖ ለ15 ቀናት እንዲቆይ፣ በእነዚህ ቀናትም ቢያንስ 5 ጊዜ እንዲገላበጥ ያዛል። መገላበጡ የሚያስፈልገው የክምሩ የውጭ ክፍል ስለማይሞቅ ነው፤ የውጩ ወደ መሐል፣ የመሐሉ ወደ ውጭ ካልመጣ ከዳር ያለው እንቁላል ሳይሞት ይቀራል።

ክምሩ እንዲሞቅ ደግሞ ዝቃጩ ብቻውን አይበቃም። ናይትሮጅኑ ከካርቦኑ አንጻር ስለሚበዛ ይገማል፤ ርጥበቱ ስለሚበዛም አየር አያስገባም። አስቀድሞ በማድረቂያ መደብ ላይ መንጠፍ፣ ከዚያም ከመጋዝ ብናኝ፣ ከቡና ገለፈት፣ ከበቆሎ አገዳ ወይም ከገበያ ቆሻሻ ጋር መቀላቀል አለበት። የጤፍ ገለባ የከብት መኖ በመሆኑ በእሱ ላይ መተማመን አይቻልም። በጣና ዙሪያ የሚታጨደው እምቦጭ ከታሰበም ዘሩ ለዓመታት ስለማይሞት የክምሩ ሙቀት መረጋገጥ ይበልጥ ወሳኝ ይሆናል።

እዚህ ላይ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች አንድ የለመዱትን አሠራር ማሻሻል ይኖርባቸዋል። በገጠሩ ኮምፖስት መሞቁ የሚታወቀው ክምሩ ውስጥ የተሰካውን እንጨት መዝዞ በእጅ በመዳሰስ ነው። ለፍግ ኮምፖስት ይህ በቂ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ እጅ 45 ዲግሪንና 55 ዲግሪን ለይቶ አያውቅም፤ የወስፋት እንቁላል መሞትና አለመሞት ደግሞ በዚህ ልዩነት ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ ረጅም ዘንግ ያለው ቴርሞ ሜትርና በየቀኑ የሚሞላ መዝገብ የግድ ያስፈልጋሉ።

ክምሩን በአግባቡ ማሞቅ ካልተቻለ ያለው አማራጭ ማቆየት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ መሠረት ደረቅ ዓይነ ምድር አዲስ ሳይጨመርበት፣ የአካባቢው ሙቀት ከ20 እስከ 35 ዲግሪ በሚሆንበት ቦታ ከአንድ ዓመት በላይ፣ ከ20 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ ደግሞ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት መቆየት አለበት። ይህ ማለት ለቆላው የሚሠራው የጊዜ ስሌት ለደጋው አይሠራም። የአሲዳማ መሬት ችግር የጸናው ደጋው ላይ እንደመሆኑ ጥንቃቄውም እዚያው መጽናት ይኖርበታል። የመኸር እርሻ ደረሰ ተብሎ ያልደረሰ ክምር ቢበተን ‹‹የቸኮለ አፍሶ ለቀመ›› እንደሚባለው ይሆናል።

ከወቅቱ ጋር ለማጣጣም ምቹው ጊዜ በጋው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ዝቃጩን ማድረቅ፣ በጥር ከምሮ ማሞቅና ማገላበጥ፣ እስከ ሚያዝያ ማብሰል፣ በግንቦት ከላቦራቶሪ ውጤት በኋላ ማሳ ላይ ማድረስ ይቻላል። በክረምት የተከመረ ዝቃጭ ዝናብ ስለሚያገኘው አይሞቅም፤ ጎርፉም ጠርጎ ወደ ወንዝ ይወስደዋል።

ለየትኛው ሰብል?

በሚገባ ለተብላላውም ቢሆን የሰብል ምርጫ ሁለተኛው መከላከያ ነው። ለደን ችግኝ፣ ለበቆሎ፣ ለማሽላና ተበስሎ ለሚበላ ሌላ የብርዕ ሰብል ከመዘራቱ በፊት በማረሻ ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ ቢገባ ሥጋቱ አነስተኛ ነው። ለሰላጣ፣ ለካሮት፣ ለቲማቲምና በጥሬው ለሚበላ ማንኛውም አትክልት ግን መዋል የለበትም። የመስኖ አትክልት አምራቾች ይህን አጥብቀው ሊይዙት ይገባል።

የከብት መኖም ብዙዎች እንደሚያስቡት ከአደጋ ነፃ አይደለም። የኮሶ ትል እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። ከብቱ እንቁላሉ ያለበትን ሣር ሲግጥ ትሉ በሥጋው ውስጥ ይቀመጣል፤ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ደግሞ መልሶ ይይዘዋል። ጥሬ ሥጋ በሚዘወተርበት ሀገር ያልተብላላ ዝቃጭ የሣር ማሳ ላይ መድፋት ኮሶን ማራባት ነው።

ቦቴ በማይደርስበት ገጠር ለሚኖር አባወራ ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ዝቃጩን ጨርሶ አለመንካት ነው። አንድ ሜትር ገደማ የሚጠልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ አመድና አፈር ይነሰነስበታል፤ ሊሞላ ሲል መጸዳጃ ቤቱ ወደ ሌላ ጉድጓድ ይዛወራል። የሞላው ጉድጓድ በአፈር ይደፈንና የፍራፍሬ ወይም የሌላ ዛፍ ችግኝ ይተከልበታል። በዚህ ዘዴ ዝቃጩን ማውጣትም፣ ማጓጓዝም፣ ማገላበጥም የለም። የጉድጓድ ውኃ ቅርብ በሆነበት ቦታ ግን አይመከርም።

የፋብሪካ ፍሳሽ ሲቀላቀል

የወስፋት እንቁላል በሙቀት ይሞታል፤ ከባድ ብረታ ብረት ግን ቢሞቅም ቢቆይም አይጠፋም። ለዚህ ነው የዝቃጩ ምንጭ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት። ከመኖሪያ ቤት ጉድጓድ የተነሳ ዝቃጭና ከቆዳ ማልፊያ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ከጋራዥ ወይም ከሆስፒታል ፍሳሽ ጋር የተቀላቀለ ዝቃጭ በአንድ ዓይን ሊታዩ አይችሉም። ቆዳ ለማልፋት የሚውለው ክሮሚየም አንድ ጊዜ ማሳ ከገባ የሚወጣበት መንገድ የለም። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ ዳርቻ የሚለማው አትክልት የከባድ ብረታ ብረት ጥናት በተደጋጋሚ የተደረገበት ወንዙ የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽን ቀላቅሎ ስለሚወርድ ነው።

ለክልላችን ደጋማ አካባቢዎች አንድ ተጨማሪ ሥጋት አለ። እንደ ካድሚየም ያሉ ብረታ ብረቶች በአሲዳማ አፈር ውስጥ ይበልጥ ይሟሟሉ፤ ወደ ሰብሉም በቀላሉ ይገባሉ። ኮምፖስቱን አጥብቆ የሚሻው መሬት ከብክለትም አጥብቆ ሊጠበቅ የሚገባው መሬት ነው ማለት ነው። የእንግሊዝ ደንብ የአሲድነት መለኪያው ከ5 በታች በሆነ አፈር ላይ ዝቃጭ እንዳይጨመር የሚከለክለው በዚሁ ምክንያት ነው። በእኛም ዘንድ ቅደም ተከተሉ የአፈር ምርመራ፣ ኖራ፣ ከዚያም ኮምፖስት መሆን አለበት።

የውጭው ተሞክሮም ማስጠንቀቂያ አለው። ስዊዘርላንድ ዝቃጭን በእርሻ ላይ መጠቀምን አግዳለች። የአሜሪካዋ ሜይን ግዛትም በኢንዱስትሪ ምርቶች ውስጥ ያሉና በቀላሉ የማይፈርሱ ኬሚካሎች በእርሻ መሬትና በውኃ ጉድጓዶች ውስጥ ከተገኙ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2022 ዝቃጭ ማሳ ላይ መጨመርን በሕግ ከልክላለች። እነዚህ ሀገሮች ለዚህ ውሳኔ የበቁት የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ በአንድ ቱቦ ለረጅም ዘመን ከተቀላቀለ በኋላ ነው። አብዛኞቹ ከተሞቻችን ገና በየቤቱ ጉድጓድ ላይ መሆናቸው በዚህ ረገድ ዕድል ነው፤ ምንጩን ለይቶ መያዝ የሚቻለው አሁን ነው።

ባለቤቱ ማን ነው?

የሥራው ትልቁ ክፍተት ያለው በቢሮዎች መካከል ነው። መጸዳጃ ቤት እንዲቆፈር የሚቀሰቅሰው ጤና ጽሕፈት ቤት ነው። ቦቴው የከተማ አስተዳደሩ ወይም የግል ባለሀብት ነው። ኮምፖስትና ማሳ የግብርና ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። ሦስቱም በየዕቅዳቸው የየድርሻቸውን ይዘዋል፤ ዝቃጩ ከቦቴው ወርዶ ማሳ እስኪደርስ ያለው መንገድ ግን በማንም ዕቅድ ውስጥ የለም። ባለቤት የሌለው ሥራ ደግሞ ሁለት ፍጻሜ አለው፤ ወይ ዝቃጩ ገደል ይገባል፣ ወይ ሳይብላላ ማሳ ይገባል።

ስለዚህ ሥራውን ለመጀመር የሚያስብ ወረዳ ከማምረቻ ቦታው በፊት የኃላፊነት ክፍፍሉን ሊያስቀምጥ ይገባል። ከተማ አስተዳደሩ ቦቴው ከየት እንዳነሳ ይመዘግባል፤ የማድረቂያና የማብላያ ቦታውን ከመኖሪያና ከውኃ ምንጭ ርቆ ያዘጋጃል። በዚህ ቦታ ለሚራገፍ ዝቃጭ ከባድ ክፍያ ባይጣል ይመረጣል፤ ክፍያውና የነዳጁ ወጪ ከበዛ ቦቴው በሌሊት ገደል መፈለጉ አይቀርም። ጤና ጽሕፈት ቤቱ የሙቀት መዝገቡን ይቆጣጠራል፤ ናሙናም ወስዶ ያስመረምራል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በአንድ ግራም ደረቅ ኮምፖስት ውስጥ ከአንድ ያነሰ የትል እንቁላል እንዲኖር ይጠይቃል። ግብርና ጽሕፈት ቤቱ አፈሩን አስመርምሮ ማሳውንና ሰብሉን ይመርጣል፤ ምርቱንም ኮምፖስት ካልገባበት ማሳ ጋር ያነጻጽራል። እንደ አማራ የሕዝብ ጤና ኢንስቲትዩትና አዴት የግብርና ምርምር ማዕከል ያሉ ተቋማት በምርመራውና በማሳ ላይ ሙከራው ቢታገዙበት ሥራው በማስረጃ ይቆማል።

በዝቃጩ ላይ የሚሠሩት ወጣቶችም ሊረሱ አይገባም። ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና፣ ተከታታይ የጤና ምርመራ የሥራው መሣሪያዎች ናቸው። በፕሮጀክት ድጋፍ የተጀመሩ እንዲህ ያሉ ሥራዎች ድጋፉ ሲቆም የሚፈተኑት በሁለት ነገር ነው፤ ዝቃጩን ሳያቋርጥ የሚያመጣ አገልግሎትና ኮምፖስቱን ሳያቋርጥ የሚገዛ ተጠቃሚ በመኖራቸው። እነዚህ ሁለቱ ሳይረጋገጡ የሚገነባ ማምረቻ ከምርቃቱ ማግስት ጀምሮ ሣር ይበቅልበታል።

አርሶ አደሩም ኮምፖስቱን ከመረከቡ በፊት የመጠየቅ መብት አለው። ዝቃጩ የተነሳው ከየት ነው? ስንት ዲግሪ፣ ለስንት ቀን ሞቀ፣ ስንት ጊዜስ ተገላበጠ? የማሳዬ የአሲድነት መጠን ተለክቷል ወይ? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መልስ የሚሰጥ ባለሙያ ካለ ኮምፖስቱን ወስዶ በጥቂት ጥማድ ላይ መሞከር ያዋጣል። መልስ የሚሰጥ ከሌለ ግን ክምሩ ባለበት ይቆይ። አንድ ያልተብላላ ክምር በአንድ ቀበሌ ሕፃናትን ካሳመመ ወሬው ከኮምፖስቱ ቀድሞ ሌሎች ቀበሌዎች ይደርሳል፤ በአግባቡ የተዘጋጀውንም ለዓመታት የሚቀበለው አይገኝም።